ቀን የለሽ

«እንግሊዝኛ ዐዋቂ አንተ ነህ አሉኝ» አለ ሚስተር ኩዋ፣ ቅዳሜ ማታ፤
አንዲት ገጽ ሰጠኝ፣ ሲሚንቶው ከእጄ ላይ ገና ሳይራገፍ፤
«በቋንቋችሁ ጻፋት፤ ሰኞ ትሰቀላለች፤ አንድ ቃል እንዳትገድፍ።»
እሺ አልኩት። እምቢን በየትኛው ቋንቋ ልበለው?
የአልጋዬን ኪራይ ከደመወዜ ላይ የሚቆርጠው እሱ ነው።

ከላይኛው አልጋ ላይ፣ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ፣
ከጣሪያው ጋር ግንባር ለግንባር ገጥሜ፣ ባትሪዬን በጥርሴ ይዤ።
አሥራ አንድ ሰው ይተነፍሳል፤ ማራገቢያው ይንጫጫል፤
የአንዱ ካልሲ ጠረን ከሌላው ሕልም ጋር ይጋጫል።

አንድ፦ ምድጃ የሚለኮሰው ጎሕ ሳይቀድ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው።
ጻፍኩት። በሲንጋፖር ሙቀት የሌሊት ሩዝ ለምሳ እንደሚሻግት
አልተጠቀሰም፤ እኔም አልጨመርኩበት።

ሁለት፦ ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት ክልክል ነው፤ ቅጣቱ ሃምሳ ዶላር።
ጻፍኩት። የሚንቱ ልጅ ትዝ አለችኝ፣ ከትራሱ ሥር፣
ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ በፎቶ ተጣጥፋ ስትኖር።

ሦስት፦ እንግዳ ማስገባት ክልክል ነው። ስሙና የሚመጣበት ቀን
ከሦስት ቀን በፊት ካልተመዘገበ አያልፍም፣ ማንም ይሁን ማን።

እዚህ ጋ ብዕሬ ቆመ።

እኛ ባሪሳል ውስጥ፣ ወንዙ ራሱ ቤት ለቤት በሚዞርበት አገር፣
እንግዳን የምንጠራበት ቃል፣ መምህራችን ሲፈታው፣
«ቀን የለሽ» ማለት ነው።
በዝናብ መሃል፣ በጀልባ፣ ሳይታሰብ ብቅ የሚል፤
ወጡ ላይ ውሃ የሚጨመርለት፣ የልጆች ምንጣፍ የሚለቀቅለት፣
እህል እስኪቀምስ ድረስ «ከየት መጣህ?» የማይሉት።
ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ? «ቀን የለሽ ቀኑን ያስመዝግብ»?
ባትሪዬን አጠፋሁ። ጥርሴን አሞኝ ነበር።

እሑድ፣ የኮኮን ታናሽ ወንድም ከመርከብ ግቢው መጣ፣ ሳይነግረው፤
ሁለት አውቶቡስ ለውጦ፣ በፌስታል የቋጠረው
ሒልሳ ነው፣ ያ እሾኸ ብዙ ዓሣ፣ በሰናፍጭ የተሠራው።
ዘበኛው መዝገቡን አየና «ስምህ የለም» አለው።
ስምማ ነበረው፤ እናቱ ናት ያወጣችለት።

አጥሩ ሽቦ ነው፤ ጣት ያሳልፋል፣ እጅ አያሳልፍም።
አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ፣ ቁጢጥ አሉ፤
በቀዳዳው እየቆነጠሩ፣ እየተቀባበሉ፣
እሾሁን በየፊናቸው እየተፉ በሉ።
ማጉረስን የሚከለክል አንቀጽ ገጿ ላይ አላየሁም።
ዘበኛውም በየንጋቱ ድልድይ ተሻግሮ የሚመጣ የሰው አገር ሰው ነው፤
ስልኩ ላይ አቀረቀረ፤ እስኪጨርሱ ቀና አላለም።

ማታ ጻፍኩት፦ «ሦስት፦ ቀን የለሽ አይግባ።»

ሰኞ ሌሊት፣ ለሥራ ስንነሣ፣ ለክፍሉ አነበብኩት። ሣቁ ግድግዳውን መታ።
ከዚያ ሚንቱ የሥራ ፈቃዱን ከኪሱ አወጣ፤
የሚያበቃበት ዕለት ከፎቶው ሥር ታትሟል።
«እኔ እኮ ቀን አለኝ» አለ።
«እኔም» አለ ታፓን፣ የራሱን እየፈለገ።
አሥራ ሁለት ካርድ አልጋ ላይ ተዘረጋ፣
እንደ ቁማር፣ ማንም የማይበላው።

እንግዳስ አይደለንም፤ ቀናችን ተጽፏል።
ባለቤትም አይደለን፤ ባለቤት ምስማር ይመታል።
«ታዲያ ምንድን ነን?» አለ ኮኮን።
የጭነት መኪናው ከውጭ ጡሩንባውን ነፋ፤
ጫማችንን አጠለቅን።

ማታ ስንመለስ ገጿ ተሰቅላለች፣ በላስቲክ ተለብጣ፣
ከእኔ የእጅ ጽሑፍ በላይ የኩባንያው ማኅተም አርፎባት፣
ግድግዳው ላይ፣ በአራት ምስማር።
ቆጠርናቸው። ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች።
ኮኮን እርጥብ ሸሚዙን አወለቀና
ከላይ በስተቀኝ ባለው ላይ አንጠለጠለ፤
ውሃው በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ተንጠባጠበ።
ማንም ምንም አላለም።
ሚንቱ ትራሱን ገለጠ።